ባዶው ዞን የማንም ትርፍ አይደለም

ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ዘንድ ማንም የማይጠይቀው አንድ አስተያየት ሰፍኗል። ፋይል ሲስተም ለራሱ የሚያስቀረው ቦታ ብክነት ነው ይባላል። ዲስኩን የገዛው ተጠቃሚው ስለሆነ እያንዳንዱ ባይት የእሱ ነው፤ ሲስተሙ የራሱ ጉዳይ ሲኖረው ከተረፈው ላይ ይፈልግ። ይህን ለጀማሪዎች ያስተምሩታል፤ አዲስ ሰርቨር ሲተከል መጠባበቂያውን ወደ ዜሮ ማውረድ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ይሆናል፤ ያላደረገው ሰው እንደ አላዋቂ ይቆጠራል። አስተያየቱ ስህተት ነው። ፋይል ሲስተሙ ዳታን ከቦታ ወደ ቦታ እያዛወረ የሚኖር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ዲስኩን እስከ መቆለፍ ይደርሳል።

ክርክራቸውን ሳላቀልል ላቅርበው፤ ቀላል አይደለምና። በሊኑክስ በስፋት የሚሠራበት ኤክስት 4 ሲፈጠር፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ከዲስኩ 5 ከመቶውን ለዋናው አስተዳዳሪ ይይዛል። በ20 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 1 ቴራባይት ነው። ልማዱ የተወረሰው እ.ኤ.አ. በ1984 በጽሑፍ ከቀረበው የበርክሌይ ፋይል ሲስተም ነው፤ እዚያ የሚያዘው 10 ከመቶ ነበር፤ ዲስክ በሜጋባይት ይለካ በነበረበት ዘመን። ለዚያ ዘመን የተቆረጠ መቶኛ ዛሬ ምን ያደርጋል? ቀጥለው፣ ዳታ ማዛወር አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ ነው ይላሉ፤ ለአንድ ሰዓት ሥራ ዓመቱን ሙሉ ቦታ አጥሮ መያዝ ምን የሚሉት አሠራር ነው? ጎበዝ አስተዳዳሪ ዲስኩ 90 ከመቶ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ከከፋም አንድ ሁለት ፋይል ያጠፋል ወይም ዲስክ ይጨምራል። በመጨረሻም ለእኛ አገር አንባቢ የሚከብደውን ያነሳሉ፦ ዲስክ ውድ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ከላዩ ላይ ቆርሶ መተው ቅንጦት ነው።

ከሥሩ ልጀምር። መጠባበቂያን ዜሮ የማድረግ ልማድ የተወለደው ኤክስት 4 እና ወንድሞቹ ላይ ነው፤ እዚያም ብዙ ጉዳት አላደረሰም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤክስት 4 አንድ ፋይል ሲያጠፋ የሚቀይራቸው መዛግብት ዲስኩ ላይ የራሳቸው ቋሚ ቦታ አላቸው፤ አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ያርፋል። ለውጡ አስቀድሞ የሚመዘገብበት ጆርናልም ፋይል ሲስተሙ በተፈጠረ ቀን ተለክቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ኤክስት 4 እስከ መጨረሻዋ ብሎክ ቢሞላም ፋይል ማጥፋት ይቻላል። ጆርናሉ ራሱ ምንድን ነው ታዲያ? ተጠቃሚው ፈጽሞ የማይነካው፣ ለሲስተሙ ብቻ የተያዘ ቦታ ነው። እሱን ካላስለቀቅን ብሎ የተነሳ አስተዳዳሪ አላየሁም። መጠባበቂያን የሚቃወሙት ሰዎች የቆሙት በአንድ መጠባበቂያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ቤተሰብ እንሂድ። ቢቲአርኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባ ፋይል ሲስተም ሲሆን በሥራ ላይ ባለ መዝገብ ላይ ደርቦ አይጽፍም። ለውጥ ሲመጣ አዲሱን ቅጂ ሌላ ቦታ ይጽፋል፤ አሮጌውን የሚለቀው አዲሱ በሰላም መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። መብራት በመሃል ቢጠፋ አሮጌው እንዳለ ይገኛል። ይህን ጥቅም የፈለገ ሰው ዋጋውንም መቀበል አለበት፤ ዋጋው ደግሞ ማጥፋትም መጻፍ መሆኑ ነው። አንድ ፋይል ለማጥፋት የማውጫው ዛፍ ቅርንጫፎች ከታች እስከ ላይ በአዲስ ቦታ መጻፍ አለባቸው። ቦታ ከሌለ ማጥፋትም የለም። ተጠቃሚው ቦታ ለማስለቀቅ ፋይል ሲሰርዝ ‹በዲስኩ ላይ ቦታ የለም› የሚል መልስ ይመጣለታል። ቢቲአርኤፍኤስ እስከ 512 ሜጋባይት የሚደርስ አጠቃላይ መጠባበቂያ የሚይዘው ይህ እንዳይሆን ነው። ያንን ቁጥር ሪፖርት ላይ አይተው ‹ይህ ቦታ የት ገባ?› እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች የሚያማርሩት ነገ ፋይል ለማጥፋት በሚያስችላቸው ቦታ ላይ ነው።

ጉዳዩ እስከ ጥጉ የሚታየው ግን በዞን በተከፋፈሉ ዲስኮች ላይ ነው። ትላልቅ የዳታ ማዕከላት የሚጠቀሙባቸው፣ ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡ ሃርድ ዲስኮች አሉ። እነዚህ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ 256 ሜጋባይት ስፋት ባላቸው ዞኖች ይከፈላሉ። በአብዛኞቹ ዞኖች ውስጥ መጻፍ የሚቻለው ከመነሻው ወደ መጨረሻው በቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ያለ ባይት ቢሞት እሱን ለይቶ መልሶ መሙላት አይቻልም። ዞኑ እንደገና እንዲጻፍበት ከተፈለገ ሙሉው ይጠረጋል። ከመጠረጉ በፊት ደግሞ በውስጡ ገና በሥራ ላይ ያለው ዳታ ወደ ሌላ ዞን መዛወር አለበት። የሊኑክስ ገንቢዎች ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ቢቲአርኤፍኤስን በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ እንዲሠራ አድርገውታል። እዚህ ላይ ፋይል ማጥፋት፣ ዞኑ ሙሉ በሙሉ ካልሞተ በቀር፣ ለብቻው አንድም ባይት አይመልስም። የሞተውን ቦታ ወደ ነፃ ቦታ የሚለውጠው ማዛወር ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። አሥራ አንድ ዞን አለን እንበል። አሥሩ ተጽፈውባቸዋል፤ በእያንዳንዳቸው 80 ከመቶው በሥራ ላይ ያለ ዳታ ነው፤ 20 ከመቶው የሞተ ነው። አሥራ አንደኛው ባዶ ነው። የሞተው ሲደመር ሁለት ሙሉ ዞን፣ ማለትም 512 ሜጋባይት ይሆናል። ማዛወር ይጀመራል፦ ከመጀመሪያው ዞን 205 ሜጋባይት ያህል ወደ ባዶው ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ይጠረጋል፤ አሁን እሱ ባዶ ሆነ። የሁለተኛው ዳታ አዲሱ ዞን ላይ የቀረውን ሞልቶ የተረፈው ወደተጠረገው ይሄዳል። እንዲህ እያለ አሥሩ ዞኖች ወደ ስምንት ይጠቀለላሉ። መጨረሻ ላይ ሦስት ባዶ ዞኖች እናገኛለን፦ ሁለቱ ለተጠቃሚው የተመለሱ፣ አንዱ መጀመሪያ ይዘነው የነበረው። መጠባበቂያው አላለቀም፤ አድራሻውን ቀይሮ እንዳለ ተቀምጧል።

አሁን ያንኑ አሥራ አንደኛ ዞን ‹ባክኖ ከሚቀር› ብለን ለተጠቃሚው እንስጠውና ይሙላው። ምን ተረፈን? 512 ሜጋባይት የሞተ ቦታ አለ፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ባይት ማስመለስ አይቻልም። የሚዛወረው ዳታ የሚያርፍበት ስለሌለ ምንም ዞን አይጠረግም፤ ምንም ዞን ስላልተጠረገ የሚያርፍበት አይገኝም። ነቀዝ የገባበትን እህል ለማጽዳት የሞከረች እናት ይህን ታውቀዋለች፤ ቤቱ ያለው ጆንያ ሁሉ ከሞላ እህሉ የሚገለበጥበት የለም፤ ነቀዙም እዚያው ይኖራል። 256 ሜጋባይት ለማትረፍ ተብሎ ያን እጥፍ ተቃጠለ። ብክነት የሚለውን ስም ማነው የሚወስደው?

‹ማዛወር አልፎ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ቦታውም አልፎ አልፎ ይያዝ› የሚለው ክርክር ከውጭ ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። ግን መቼ ይያዝ? ማዛወር በግድ የሚያስፈልገው ዲስኩ ሲጠብ ነው። ዲስኩ ሲጠብ ደግሞ የሚያዝ ቦታ የለም። አስፈላጊነቱ የሚመጣበት ሰዓትና ቦታው የሚጠፋበት ሰዓት አንድ ናቸው፤ አጋጣሚ ሆኖ አይደለም፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ስለሆነ እንጂ። ስለዚህ ለማዛወር የሚሆን ቦታ በሰፊው ቀን ካልተያዘ በጠባቡ ቀን ሊያዝ አይችልም። ቢቲአርኤፍኤስ ራሱ በዞን ዲስክ ላይ የሚዛወር ዳታ የሚያርፍበትን ዞን የሚመርጠው መጀመሪያ ሲያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 በገባ ለውጥ ግን ዲስኩ ገና ሲከፈት አንድ ዞን ለዚሁ ሥራ ተለይቶ እንዲያዝ ተደረገ። ያን ለውጥ የጻፉ ሰዎች የዲስክ ዋጋ የማይገዳቸው አይደሉም። ‹በኋላ እንፈልጋለን› የሚለው አሠራር የት እንደሚያደርስ ያዩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ ‹ዞን መያዝ አያስፈልግም፤ በሒሳብ ብቻ 256 ሜጋባይት ይቀነስ› ሊል ይችላል። ሒሳብ ለተራ ዲስክ ይበቃ ይሆናል፤ ለዞን ዲስክ አይበቃም። ከላይ ባነሳነው ምሳሌ ሒሳቡ 512 ሜጋባይት ያልተያዘ ቦታ አለ ይላል፤ ያ ቦታ ግን በአሥር ዞኖች መሃል ለመሃል የተበተነ በመሆኑ አንድም ጽሑፍ አይቀበልም። በዚያ ላይ ቢቲአርኤፍኤስ ተራው ጽሑፍና የሚዛወረው ዳታ በአንድ ዞን እንዲደባለቁ አይፈቅድም፤ ሁለቱ የሚጻፉበት መንገድ ይለያያልና። ደግሞም አንዳንድ ዲስኮች በአንድ ጊዜ ገቢር ሆነው ሊቆዩ የሚችሉ ዞኖችን ቁጥር ይገድባሉ፤ በሰፊው የሚታወቅ አንድ የዞን ኤስኤስዲ ሞዴል ላይ ገደቡ 14 ነው። አሥራ አራቱም በተጠቃሚ ጽሑፍ ከተያዙ ባዶ ዞን ቢኖር እንኳ የሚከፍተው የለም። መጠባበቂያ ማለት ቁጥር እንዳይሆን፤ ስሙ የታወቀ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ዞን ይሁን።

‹ሲጠብ አንድ ፋይል አጠፋለሁ› የሚለው መልስ ከላይ ራሱን ችሎ ወድቋል፤ ማጥፋት ቦታ የሚፈልግበት፣ ካጠፉም በኋላ ያለ ማዛወር የማይመለስበት ዓለም ውስጥ ነን። አንዳንዶች ግን ሻል ያለ ዘዴ ይዘው ይመጣሉ፤ ለክፉ ቀን የሚጠፋ ትልቅ ባዶ ፋይል አስቀድመው ይፈጥራሉ። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መጠባበቂያ እንደሚያስፈልግ አምነዋል፤ የሳቱት ማን ሊይዘው እንደሚገባ ነው። ስናፕሾት፣ ማለትም የፋይል ሲስተሙን የአንድ ቅጽበት ይዞታ የሚያቆይ ቅጂ፣ ተነስቶ ከሆነ ያ ፋይል ቢጠፋም ብሎኮቹ በስናፕሾቱ ተይዘው ይቀራሉ። በዞን ዲስክ ላይ ደግሞ የፋይሉ አካል ከሌሎች ፋይሎች ጋር ተደባልቆ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ቢጠፋም ባዶ ዞን ላይወጣው ይችላል። ከፋይል ሲስተሙ በላይ ያለ ሰው ከፋይል ሲስተሙ በታች ያለውን አቀማመጥ ሊይዝ አይችልም።

ዲስክ መጨመርስ? ቢቲአርኤፍኤስ የተቆለፈባቸው ሰዎች የሚሰጣቸው የተለመደ ምክር ፍላሽ ዲስክ ሰክቶ ወደ ፋይል ሲስተሙ መጨመር፣ ዳታውን በሱ በኩል አዛውሮ ቦታ ካገኙ በኋላ መልሶ መንቀል ነው። ይሠራል፤ ብዙ ሰዎችንም አውጥቷል። ግን ምን እየተደረገ እንደሆነ እንይ። ቀድሞ ሊያዝ ይገባ የነበረው ባዶ ቦታ፣ በጭንቅ ሰዓት፣ በመጨረሻው ርካሽ ዕቃ ላይ እየተፈጠረ ነው። ለጊዜውም ቢሆን የፋይል ሲስተሙ አካል የሆነው ያ ፍላሽ በመሃል ቢበላሽ፣ ወይም አንድ ሰው ሳያውቅ ቢነቅለው፣ ከዋናው ዲስክ ወደሱ የተዛወረው ዳታ ሌላ ቅጂ የለው ይሆናል። ዋናው ዲስክ ውስጥ ጥቂት መቶ ሜጋባይት መያዝን ብክነት ያለ ሰው የድርጅቱን ዳታ በፍላሽ ላይ ማንጠልጠልን እንዴት ቁጠባ ይለዋል?

የ90 ከመቶው ማስጠንቀቂያም ሰው ሲያምንበት አደጋ ይሆናል። ቢቲአርኤፍኤስ ዲስኩን ለዳታና ለሜታዳታ፣ ማለትም ዳታው የት እንዳለ ለሚያሳዩት መዛግብት፣ በየፊናው ትላልቅ ቁራሽ አድርጎ ያከፋፍላል፤ የዳታው ቁራሽ አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋባይት ነው። ዲስኩ ሁሉ ለዳታ ተቆርሶ ካለቀ፣ ቁራሾቹ ውስጣቸው ግማሽ ባዶ ቢሆንም፣ ሜታዳታው የሚያድግበት የለውም። ማስጠንቀቂያው 60 ከመቶ እያለ ዲስኩ መጻፍ ያቆማል። ማዛወር ተጀምሮ በመሃል ቦታ ሲያጣስ? ፋይል ሲስተሙ ዳታውን ለመጠበቅ ሲል ለውጡን ጥሎ ራሱን ለንባብ ብቻ ክፍት ያደርጋል። ሌሊት ላይ ዳታቤዙ የሚቆመው፣ ማለዳ ደንበኛ የሚመለሰው በዚህ ነው። ከሲስተሙ ውጭ የቆመ ተቆጣጣሪ፣ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ በሲስተሙ ውስጥ በአንድ ቅጽበት ቦታ ከሚሻሙ ጽሑፎች ቀድሞ አይደርስም። ያንን ቅድሚያ መስጠት የሚችለው ጽሑፎቹን ሁሉ የሚያስተናግደው ፋይል ሲስተሙ ነው።

ወደ መቶኛው ልመለስ፤ እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ግማሽ እውነት ይዟል፤ ልሰጠውም እፈልጋለሁ። 20 ቴራባይት ላይ 1 ቴራባይት መያዝ ለማዛወር አያስፈልግም። ለማዛወር የሚያስፈልገው ቦታ የሚለካው በአንድ ጊዜ በሚነሳው ሸክም መጠን ነው፤ የዲስኩ ስፋት አይገባበትም። ቢቲአርኤፍኤስ ማዛወር ሲጀምር ለሜታዳታ ሥራው 256 የዛፍ ቅርንጫፎችን የሚያህል ቦታ ይይዛል፤ ቅርንጫፉ እንደተለመደው 16 ኪሎባይት ከሆነ ይህ 4 ሜጋባይት ነው፤ ካልበቃው እጥፍ እያደረገ ይጠይቃል። ዜድኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ከጠቅላላው ሠላሳ ሁለተኛውን እጅ ይይዝ ነበር፤ ትላልቅ ማከማቻዎች ላይ ያ ሲበዛ ገንቢዎቹ በ128 ጊጋባይት ጣሪያ ገደቡት። ትክክለኛው እርምት ይህ ነው፦ መቶኛውን ጥሎ ልክ ያለው መጠን መያዝ። አሁን ዞኑን አስሉት። 14 ቴራባይት የሆነ የዞን ዲስክ በ256 ሜጋባይት ሲከፈል ከ52,000 በላይ ዞን ይወጣዋል። ለማዛወር የምንጠይቀው ከነዚህ አንዱን ነው። ከሃምሳ ሁለት ሺህ አንዱን ለመንጠቅ ይህ ሁሉ ክርክር?

መጠነኛ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ መተው የሚጠቅምበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ እሱም ድሮ ተሰልቷል። ሮዘንብሉምና ኦስተርሃውት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁሉንም ጽሑፍ በተከታታይ የሚያስኬድ ፋይል ሲስተም ሠርተው፣ የተሞላ ክፍልን አጽድቶ መልሶ መጠቀም ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይተዋል። ቀመሩ አጭር ነው፤ ሁለትን፣ ከሚጸዳው ክፍል ውስጥ ባዶ ለሆነው እጅ ማካፈል። የሚጸዳው ክፍል ግማሹ በሥራ ላይ ከሆነ አንድ አዲስ ባይት ለመጻፍ ዲስኩ አራት ባይት ያንቀሳቅሳል። 80 ከመቶው በሥራ ላይ ከሆነ አሥር፤ 90 ከመቶው ከሆነ ሃያ። እስከ አፉ የሞላ ክፍል ላይ ቀመሩ መልስ የለውም። ‹እያንዳንዱን ባይት ልጠቀምበት› ያለ ሰው መጨረሻዎቹን ባይቶች የሚጠቀመው በሃያ እጥፍ ሥራ ነው፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ያ ሥራ ዕድሜውን ይበላል። በሒሳብ ካየነው መጨረሻው ባይት ከሁሉም ባይቶች ውዱ ነው።

ዲስክ ውድ በሆነበት አገር መጠባበቂያ ቅንጦት ነው ላሉት የምመልሰው በዚሁ ላይ ቆሜ ነው። ዲስክ እንደ ውኃ በሚቀዳበት የደመና አገልግሎት ላይ ያለ ድርጅት ቢቆለፍበት በአንድ ትእዛዝ ተጨማሪ ቦታ ገዝቶ ያመልጣል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ መሥሪያ ቤት አዲስ ዲስክ ለማስገባት ጨረታ፣ የግዢ ኮሚቴና ምንዛሪ ሊጠብቅ ይችላል። ታዲያ ከሁለቱ ማን ነው የማምለጫውን ቦታ ከዲስኩ ውስጥ አስቀድሞ ይዞ መቆየት ያለበት? እጥረቱ የሚያስተምረን የማይተካውን ዲስክ የማይከፈት እንዳናደርገው ነው። ሰነዱ፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ የታካሚው ካርድ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ በሚገኝበት ቦታ፣ ‹ባክኗል› የተባለው ዞን ከሌላው ቦታ ሁሉ በላይ ዋጋ አለው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዳታ እያዛወረ ቦታ የሚያስመልስ ማንኛውም ፋይል ሲስተም ለማዛወር የሚያስፈልገውን ቦታ ገና ሲከፈት፣ ዲስኩ ሰፊ በሆነበት ሰዓት ይያዝ፤ በዞን ዲስክ ላይ ይህ ስሙ የታወቀ ሙሉ ዞን ይሁን። መጠኑ ከሚዛወረው ሸክም ይነሳ እንጂ ከዲስኩ መቶኛ አይነሳ። ለተጠቃሚው የሚነገረው የነፃ ቦታ ቁጥር ይህን መጠባበቂያ አስቀድሞ የቀነሰ ይሁን፤ የሌለን ቦታ አለ ብሎ አሳይቶ በኋላ መከልከል ነውና ሰውን ያስቆጣው። ይህን መጠባበቂያ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ትእዛዝ ደግሞ አይኑር፤ ለአዋቂም፣ ለዋናው አስተዳዳሪም ቢሆን። ጆርናል የማይፈልግ ሰው ጆርናል የሌለው ፋይል ሲስተም ይመርጣል። ማዛወርን የማይፈልግም ዳታ የማያዛውር ፋይል ሲስተም ይምረጥ፤ የሚያዛውረውን መርጦ የሚያዛውርበትን ቦታ መንጠቅ ግን መብት ተብሎ ሊሰጠው አይገባም።